ለአሮጊቷ አዲስ ሞተር

ሚስቴ ቲማቲም ግዛ ብላ የላከችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት። ሽንኩርት ትልከኛለች፣ ጤፍ በጆንያ ታሸክመኛለች፤ ቲማቲም ግን ከዚያ ወዲህ ራሷ ነው የምትገዛው። የሰው ባል ሁሉ ይታመናል፣ እኔ አልታመንም ብዬ ሃያ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ቂም መያዝ እችልበታለሁ፤ ከማንበብ በፊት የቻልኩት እሱን ነው።

ማንበብ ያስተማረችኝም እሷው ናት፣ አርባ ካለፈኝ በኋላ። እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ያረጀች ሴት ናት። ከፈረቃ ስትመለስ ደክሟት ሀ ሁ ታስቆጥረኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እቆጣታለሁ።

አሮጊቷ የምላት መኪናዬን የተዉልኝ አንድ የደሴ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። ከወጣትነቴ ጀምሮ እጠግንላቸው ስለነበር፣ አልጋ ላይ ሲውሉ ካንተ በቀር የሚያውቃት የለምና ውሰዳት አሉኝ። የጣሊያን ሥሪት ናት፤ በዕድሜ ከኔ ብዙም አታንስም። ሞተሯ በእርጅና ካቆመ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ስድስት ክረምት ዘነበባት። ሚስቴ ቦታውን ለዶሮ ቤት ፈለገችው። እስከ አረፋ ካልተነሳች ቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛው ቁራሌው ትሰጣታለህ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከዱባይ የመጣ ያገለገለ የጃፓን ሞተር ከነካምቢዮው ደሴ ገዛሁ። ግቢው ውስጥ ሦስት ባህር ዛፍ አቁሜ፣ ከባድ ዕቃ በሚያነሳው በፓራንኮ ሰንሰለት አንጠልጥዬ መኪናዋ ውስጥ አወረድኩት። የሞተሩ መቀመጫ አልገጥም ሲለኝ ከተጣለ የጭነት መኪና ሻንሲ ብረት ቆርጬ በየድኩ። የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ዘንግ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስጄ አሳጠርኩ። ለራዲያተሩ ብዬ የፊቷን ብረት ስቆርጥ ሐጂው አለማየታቸው በጀኝ።

ብረት አስቸግሮኝ አያውቅም። ያቃተኝ ሽቦው ነው። የድሮው ሞተር ሽቦ በጣት ይቆጠራል። ይኼኛው ኮምፒውተር የሚሉት ሳጥን አለው፤ ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የሽቦ እሽግ፣ ሞተሩን ከቀድሞ መኪናው ሲያወርዱ ለሁለት ቆርጠውታል። ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ መቀጠል ብቻ ነው፣ ሕፃንም ይችለዋል አለኝ ሻጩ።

እኔ አልችልም። ቀይና አረንጓዴ ለኔ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የደረቀ ጭቃ ይመስሉኛል። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መሃይም መባሉ ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ በፕላስተር ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ እያልኩ በግምት ጽፌ ለጠፍኩ። ጽሑፌማ ያምር ነበር። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ፊውዝ ተቃጠለ። ቀየርኩት፤ እንደገና ተቃጠለ። መጀመሪያ ሻጩን ሰደብኩ፣ ቀጥዬ ጃፓኖቹን፣ በመጨረሻ ሚስቴን፤ ጥላሽ ከለለኝ ብዬ። ለአረፋ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ከጁምዓ ስመለስ መነጽሯን አድርጋ፣ የተከፈተው ኮፋኖ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የለጠፍኩትን ፕላስተር ሁሉ ልጣ ጥላዋለች። ሽቦውን እንደ ክር እያጣመረች ትቀጥላለች፤ ጣቶቿ ፋብሪካው ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። እጅሽን አንሺ ልላት ነበር።

«ቀይ ብለህ የጻፍክበት አረንጓዴ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ከመሬት አንዱን ፕላስተር አንስቼ ጽሑፌን አየሁት።

«ያን ጊዜ ቲማቲም ብልክህ ጥሬውን ለቃቅመህ ስትመጣ ነው ያወቅኩት። ገበያ ላይ እንዳይስቁብህ ብዬ ከዚያ ወዲያ ራሴ ሄድኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ሃያ ዓመት የቋጠርኩት ቂም ለካስ ከንቱ ኖሯል። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ስለ ዶሮ ቤቱ ጠየቅኳት።

«ዶሮ የትም ይገባል» አለች። «አንተ ግን እሷን ካጣህ ቀኑን ሙሉ ቤት ልትውልብኝ ነው። ወላሂ አልችልህም።»

ከዚያ በኋላ እሷ እየለየች ታቀብለኛለች፣ እኔ እበይዳለሁ፣ እጠቀልላለሁ። በአረፋ ዋዜማ ረፋዱ ላይ ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን ራሷ አዞረችው። ተነሳ። እንደ ድሮው አያስልም፤ መነሳቱን ያወቅኩት ኮፋኖው ላይ ያስቀመጥኩት መፍቻ ሲንቀጠቀጥ ነው።

በበዓሉ ማግስት ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ደሴ ወጣን። ሐረጎ ዳገት ላይ አሮጊቷ ድሮ ሁለት ጊዜ ቆማ ውሃ ካልጠጣች አትወጣም ነበር። አሁን ዝም ብላ ትወጣለች። ሐጂው ቀይ ናት ስላሉኝ እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ቀይ ናት እያልኩ ነው የኖርኩት። ቀለሟ ምን እንደሆነ ሚስቴን ጠየቅኳት። አንገቷን በመስኮት አውጥታ አየች።

«ድሮ ቀይ ነበረች» አለች። «አሁን ዝገት ናት።»

ከዚያ የማዶውን ማሳ ጠየቅኳት፣ ከፊታችን ያለውን ሚኒባስ፣ የለበስኩትን ሸሚዝ። ደሴ እስክንገባ አላረፍኩም። ሳትሰለች አልቀረችም፤ ግን ሁሉንም መለሰችልኝ።