በክር የሚቆረጥ ሩዝ

በስደት በምኖርበት በሮዘተንቪል ሰፈር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ምግብ ቤት ያላትን ቬትናማዊት ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። እኔ «ማማ» እላታለሁ፣ እሷ «ማይ ፍሬንድ» ትለኛለች። ኮሮና ባሏን ከወሰደባት ወዲህ የምግብ ቤቷ የብረት መዝጊያ እንደወረደ ነው። ሱቄ ስትመጣ ጭምብሏን ዓይኗ ሥር ድረስ ትስበዋለች፤ የሩዙንም ከረጢት ወደ ብርሃን አንስታ ፍሬውን ሳታይ አትገዛም።

ዛሬ የአገሯ አዲስ ዓመት ነው። ትናንት የሚጣበቀውን ሩዝ ከማሾ ጋር በሙዝ ቅጠል አራት ማዕዘን አድርጋ ጠቀለለች፤ በክር አስራም ቀኑን ሙሉ ስትቀቅል ዋለች። የእኛን የኮባ ዳቦ አስታወሰችኝ። ጠዋት አንዱን ይዛልኝ መጣች። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ የእኔን ያለ ሥጋ ነው የሠራችው።

ቅጠሉን ስትገልጠው ቢላ አቀበልኳት። ሳቀች።

«በእኛ አገር ይቺ ምድር ናት። ምድር በቢላ አትቆረጥም።»

ያሰረችበትን ክር ከሩዙ ሥር አሳለፈችና አንዱን ጫፍ በጥርሷ ለመያዝ ጭምብሏን አወረደች። ፊቷን ካየሁት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክሩን ስትስበው ሩዙ ሳይፈርስ ለሁለት ተከፈለ። አንዱን ቁራሽ ለባሏ ብላ ለብቻው አስቀመጠች፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ የዛገውን መዝጊያ በሁለት እጇ እስከ ላይ ድረስ ገፋችው። ጩኸቱ ሰፈሩን ሁሉ በር ላይ አወጣው።

«ማይ ፍሬንድ» አለችኝ ከማዶ፤ «ከነገ ጀምሮ ሩዝ በኩንታል ነው የምታመጣልኝ።»