ከሁሉም ኋላ የሚሄዱት አጎቴ

አጎቴ በስደት የምንኖርበትን የሳሃፋን ሰፈር አበሻ ሰብስበው አርብ አርብ ቦክሲ በሚባሉ ሁለት ፒክአፕ መኪናዎች ወደ ሰበሎቃ ሸለቆ ይወስዱን ነበር። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሳቸው ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነበሩ፤ «ፊት ፊት መሄድ ማንን ያቅተዋል?» ይላሉ። ስንመለስ የመጨረሻው ሰው መውጣቱን አይተው የቦክሲዎቹን ጎን በመዳፋቸው ደብደብ ያደርጉና «ያላ!» ይላሉ፤ እንሂድ ማለታቸው ነው። ያንን ሳይሰማ የሚነሳ ሾፌር አልነበረም።

እኔ በቀረሁበት አርብ የአንድ ጎረቤታችን እግር ወለም አለ። አጎቴ የራሳቸውን ውሃ አጠጥተው፣ ደግፈው ከሸለቆው አወጡት። «አንዴ ትንፋሼ ይመለስ» ብለውት ጥላ ስር አረፍ አሉ። እሱ ግን ቸኩሎ ነበርና ቦክሲዎቹን ደበደበ። «ያላ! ሁሉም ወጥቷል!» ሁሉም አጎቴ በሌላኛው ቦክሲ የተሳፈሩ መሰለው። ኋላ ቢመለሱ በሕይወት አላገኟቸውም።

ለቅሶው ላይ ከሁሉም አብልጦ የጮኸው እሱ ነው። «የተሳፈሩ መስሎኝ» ይለኛል፣ ዓይኔን ሳያይ።

አሁን ከኋላ የምሄደው እኔ ነኝ፤ «ያላ» የምለውም እኔ። ሰውዬው ዛሬም እያነከሰ አርብ አርብ ይመጣል። አጎቴ ቢኖሩ «ተወው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልተወውም። አንድ አርብ ወደኋላ ይቀራል። ያን ቀን ቦክሲዎቹን ደብደብ አድርጌ «ሁሉም ወጥቷል» እላለሁ።