የጋሼ ሰይድ ትራክ ሙቀት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ሌላውን ሁሉ ለምነግረው ወረቀትም። መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ኮሎምበስ አጠገብ፣ ኒው አልባኒ፣ አንድ የአትክልትና ፍራፍሬ መጋዘን ውስጥ ጫኝ ነበርኩ። ጋሼ ሰይድ ደግሞ ከእኛ እየጫኑ ኢስተን ሰፈር ላሉ ምግብ ቤቶች የሚያደርሱ ሹፌር ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ቀልደኛ። በብርዱ ወራት ዙህር ሊሰግዱ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ እንድጽፍ የትራኩን ቁልፍ ይሰጡኛል።

«ሞተሩን እንዳትነካ፣ ገጣሚው» ይሉኛል፣ ከመሪው በላይ የተገጠመችውን ትንሽ ሳጥን እያሳዩኝ። «ይቺ ሰላይ ታይሃለች። ከበረደህ ጃኬትህን ቆልፍ፤ ግጥም እንደሆነ አያሞቅም!»

ሳጥኗ በዚያው ዓመት የገባ አዲስ አሠራር አካል ነበረች። የእያንዳንዱ ትራክ መንገድ፣ ጭነትና የሚያቃጥለው ነዳጅ ቢሮ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል። ግማሽ ባዶ የሚሄዱ ሁለት ትራኮች ካሉ ጭነታቸውን በአንዱ ያደርገዋል፤ ቆሞ የሚነድ ሞተርንም ያጋልጣል። ስክሪኑን መጀመሪያ ያየሁ ቀን የያዝኩትን የእንጆሪ ካርቶን ማስቀመጥ ረሳሁ። እንጆሪው ከተለቀመበት እርሻ ጀምሮ የመጣበት መንገድ በሙሉ እንደ ክር ተዘርግቷል። ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጭስ ቀለም ተሰጥቶታል። በስንት ሰማይ ስር አልፎ ነው እጄ የገባው? ሰው ከእንግዲህ ያጨሰውን መካድ አይችልም ብዬ ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ስለዚህ ነገር መጻፍ ነበረብኝ።

የጻፍኩት የት ነው? ጋሼ ሰይድ ጋቢና ውስጥ፣ ሞተሩን አስነስቼ። ጣቴ ሲደነዝዝ ቃሉ ሊያመልጠኝ ነው አልኩና ቁልፉን አዞርኩት። በማግስቱም አዞርኩት። ስለ ንጹህ አየር እየጻፍኩ ናፍጣ አነድድ ነበር። አላወቅኩም እንዳልል ሳጥኗ ፊት ለፊቴ ናት። እሳቸው ብቅ ሲሉ አጠፋለሁ። ገብተው እጃቸውን እያፋተጉ «ሱብሃነላህ! የዚህ ትራክ ሙቀት አያያዝ!» ይላሉ። እኔም አብሬ እገረማለሁ። ምን ዓይነት ፊት ነበረኝ?

አንድ ጠዋት ሱፐርቫይዘራችን፣ የኛው አገር ሰው፣ ስክሪኑ ፊት ሰበሰበን። ስክሪኑ ካርታ ላይ ኮሎምበስ ዙሪያዋን አረንጓዴ ሆናለች። መጋዘናችን በር ላይ ግን አንዲት ቀይ ነጥብ አለች።

«ጋሼ ሰይድ፣ ትራኩን በየቀኑ በምሳ ሰዓት አይድል ያደርጉታል፤ ሞተሩ በቆመበት ይነድዳል። ዋርን አድርጌዎት፣ አስጠንቅቄዎት ነበር።»

«ማሽንህን አስመርምረው» አሉ እየሳቁ።

«ማሽኑ አይዋሽም፣ ጋሼ።»

ሳቃቸው ጠፋ። መሬት መሬት እያዩ «እንግዲህ ረስቼው ይሆናል። እርጅና» አሉ።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ቁልፉን ለእኔ እንደሚሰጡኝ እንኳ አላነሱም። የተሰማኝ ሃፍረት ብቻ ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ። ግርምትም ነበረበት፤ ይህ ሁሉ ብልሃት ትንፋሽ የምታህል ጭስ ለይቶ ሲያይ፣ ቁልፉን ያዞረውን እጅ አላየም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያደረግኩት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ።

በዚያው ሳምንት ከመስመሩ አነሷቸው። ዛሬ የሆቴል ሻትል ይነዳሉ። እሱስ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ራሳቸውን አያምኑም። ምድጃውን ማጥፋታቸውን ለማየት ከመንገድ እንደሚመለሱ ልጃቸው ነገረችኝ። ሐኪም ዘንድ ልትወስዳቸው ነው። ያልጠፋ አእምሮ እንዲፈለግ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ግጥሙ ተወደደ። ጋሼ ሰይድም ሰሙትና፣ በልጃቸው ሰርግ ላይ «ያንን የጭሱን» እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ብርድ ነበር አልልም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ከሰርጉ በፊት፣ ከሐኪሙም በፊት፣ ነገ ሉዊስ ሴንተር ወዳለው ቤታቸው እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ጋሼ ሰይድ፣ እርስዎ ምንም አልረሱም። ትራኩም ሙቀት አይይዝም ነበር። ሞተሩን የማስነሳው እኔ ነበርኩ።