ባዶውን የተመለሰ ድስት

ላፍቶ ውስጥ ገዲሴ የሠራችው ድስት ያልገባበት ቤት አልነበረም። ገዲሴ ራሷ የገባችበት ቤት ደግሞ አልነበረም። ዛሬ ሲያወሩት ይገርማል እንጂ ያኔ ማንንም አይገርምም ነበር። እሷ ጠፍጥፋ በተኮሰችው ድስት ወጣችንን እንሠራለን፤ እሷን ግን ከአጥር ወዲህ አናሳልፋትም። ስትሸጥልን ድስቱን መሬት ታስቀምጣለች፣ እኛም ሳንቲሙን መሬት እናስቀምጥላታለን፤ እጅ ለእጅ አንነካካም። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል እየተባለ ነው ያደግነው። ማንን ስትበላ እንዳየናት እንጃ።

ባሏ ሮበሌ በደህናው ጊዜ ከፉሪ በኩል ጭቃውን በጀርባው ያመላልስላት ነበር። በኋላ ደረቱን ታመመና አልጋ ላይ ዋለ። ሞቱን አልፈራውም፤ የጨነቀው ሌላ ነገር ነው። የሸክላ ሠሪ ሬሳ የሚሸከመው የራሱ ወገን ብቻ ነበር፤ የእነሱ ወገን ደግሞ በየአገሩ ተበትኗል።

«ማን ይሸከመኛል፣ ገዲሴ?» ይላት ነበር። «አንቺ ብቻሽን አትችይኝም።»

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው ለውጡ ሰፈራችን የደረሰው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ ሾላው ሥር ሰበሰበንና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ተናገረ።

«ከእንግዲህ በሙያው የሚናቅ ሰው የለም! ቡዳ ብሎ የሚሳደብ አድኃሪ ነው፣ ይቀጣል! ሸክላ ሠሪዎች በማኅበር ይደራጃሉ፣ እድሩም እንደማንኛውም ሰው ያስገባቸዋል!»

አጨበጨብን። ያን ጊዜ ማጨብጨብ የማይችል ሰው አልነበረም። ከልቧ ያጨበጨበችው ግን ገዲሴ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። የእድር አባል ከሆነች ሮበሌን ጎረቤት ይሸከመዋል ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ የእማዋይሽ እናት ሞቱ። እማዋይሽ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናት፤ ቤቷ ለገዲሴ ቤት ቅርብ ነው። ለቀስተኛ ከቀብር ሲመለስ የሚቀምሰውን ንፍሮ ቀቅሎ ማቅረብ የአባላቱ ተራ ነውና ገዲሴም ተራዋ ደረሰ። ለዚሁ ብላ አዲስ ድስት ሠራች። ስንዴውንና ባቄላውን ለቅማ፣ አጥባ፣ ቀቅላ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ድንኳኑ ድረስ ይዛው መጣች። ጓድ አባይነህ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉም እጁን ዘርግቶ አንድ አንድ እፍኝ ተቀበላት። ከእጇ! ገዲሴ ቀና ብላ ማንንም ለማየት አልደፈረችም፤ ዓይኗን እንዳይፈሩት ብላ መሬት መሬቱን እያየች አደለች።

ማታ ሮበሌ ከአልጋው ቀና ብሎ ጠበቃት።

«እህስ? ድስቱስ?»

«ባዶውን ተመለሰ» አለችው።

ሽማግሌው አለቀሰ። «በሉልን! እንግዲህማ ሰው ሆንን!» አለ።

በማግሥቱ የለቅሶውን ግቢ መጥረግ ስለነበረባት ገዲሴ በጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ሄደች። ቆሻሻውን ልትደፋ ወደ ጓሮ ስትዞር የእማዋይሽ ዶሮዎች ተሰብስበው ይለቅማሉ። ንፍሮው ነው። አጥሩ ሥር፣ ቁጥቋጦው ሥር፣ እንጨት ክምሩ ኋላ፣ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ተደፍቷል። ሰው ሁሉ በየተራው ወደ ጓሮ ብቅ ብሎ እጁን አራግፎ ነበር። የእነዚያን ዶሮዎች እንቁላል ግን ማናችንም አልተጠየፍነውም።

ገዲሴ ጠርጋ ጨርሳ ቤቷ ገባች። ለሮበሌ ምን ትበለው? ደስታው አላልቅ ብሎት በየቀኑ እንደ ተረት ያስነግራታል።

«እስቲ ማን ማን በላ?»

«ማን ያልበላ አለ።»

«እማዋይሽስ?»

«እሷማ ደገመች።»

ይስቃል፣ ሳሉ ያቋርጠዋል፣ ደግሞ ይስቃል። ከዚያ በላይ የሚያቃጥል ነገር ያለ አይመስለኝም። ሊሞት ሲል የተናዘዘውም ይህንኑ ነው፦ «የኔ ለታም ያንን ንፍሮ ቀቅይላቸው። ሲበሉ እዚያ ሆኜ አያለሁ።»

ሞተ። ጥሩምባው ተነፋ፤ ስም ይጠራልና ወንዱ ሁሉ ወጣ፣ ተሸከመውም። እዚህ ላይ እንኳን ምኞቱ ደረሰለት። ስንመለስ የእድሩ ሴቶች ገዲሴ ግቢ በትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ አቅርበው ጠበቁን። ሐዘንተኛ አይቀቅልም፤ ደንቡም ነው፤ ደንቡ ደግሞ ለዚያ ቀን በጣም ተመቸን። ገዲሴ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የራሷን ቀቅላ ኖሯል። ሸክላ ድስቷ ግድግዳው ሥር ክዳኑን እንደደፋ ተቀምጧል። ሁላችንም አይተነዋል፣ ሁላችንም አላየነውም።

እማዋይሽ ከብረት ድስቱ ዘግና ለገዲሴ ሰጠቻት። ገዲሴ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በላችና ባዶ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት።

«ሮበሌ የኔንም እንዲህ የበላችሁልኝ መስሎት ነው የሞተው፣ እትዬ እማዋይሽ» አለች። ድምጿን ከፍ እንኳን አላደረገችም።

እማዋይሽ ፊቷ ልውጥውጥ አለ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገች፤ ግድግዳው ሥር ሄዳ የሸክላውን ድስት ከፈተች፣ አንድ እፍኝ ዘገነች፣ ወደ አፏ አነሳችው። የምሯን ነበር፤ እምላለሁ፣ የምሯን ነበር። እጇ ከንፈሯ አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ። እንባዋ ወረደ፣ አፏ አልከፈት አላት።

ገዲሴ ጥቂት ጠበቀቻት። ከዚያ ተነስታ ሁለት እጆቿን ከእማዋይሽ እጅ ሥር ዘረጋችና ንፍሮውን መልሳ ተቀበለቻት።

«ተይው በቃ፣ እትዬ» አለቻት። «ለዶሮዎቹ እኔው አደርስላቸዋለሁ።»