ሁለት ካሜራ ለአንድ ሠርግ

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ቡታጅራ ላይ ፎቶ ቤት ስንከፍት ያለን ካሜራ አንድ ብቻ ነበር። ወልቂጤ ሳለን የተማሪ ምርቃትና የቤተ ክርስቲያናችንን ሠርግ ስናነሳበት የኖርነው፣ የመያዣው ጎማ ተላቆ በማስቲሽ የተለጠፈ፣ ቀላልና ታዛዥ ካሜራ ነው። ባለሙያዎቹ ክሮፕ ይሉታል፤ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ ከፊቱ ያለውን ነገር ጠበብ አድርጎ ይቆርጠዋል። እኛ ትንሹ ማለት የጀመርነው በኋላ ነው። ትልቁ እስኪመጣ ድረስ ስም አላስፈለገውም።

ትልቁን፣ ሴንሰሩ ሰፊ የሆነውን ፉል ፍሬም የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ገዝቶ መጣ። መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ሱቅ እንደገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ የድሮውን ሌንስ ገጠመበትና በሩ ላይ ቁሚ አለኝ። አነሳኝ። ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምነው?" አልኩት።

"ተሸወድን።"

ሄጄ አየሁት። እኔ መሃል ላይ አለሁ፤ አራቱም ማዕዘን ግን ጥቁር ነው፤ አንድ ሰው በቧንቧ አጮልቆ ያየኝ ይመስላል። ወንድሜ ወዲያው ለሻጩ ደወለ። ገና አቤቱታውን ሳይጨርስ የሻጩ ሳቅ ለእኔም ተሰማኝ።

"ወንድሜ፣ የትንሹን ሌንስ እኮ ነው የገጠምክበት! ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ሌንስ ትልቁን አይሸፍነውም። የነጠላ አልጋ አንሶላ ለድርብ አልጋ ይበቃል እንዴ?"

ወንድሜ ስልኩን ዘግቶ እሱም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሌንሶቻችንን በሥራ እያየን ለየናቸው። ለሁለቱም የሚሆነው ሃምሳ ሚሊሜትሩ፣ ሃምሳው የምንለው፣ ባሕርዩን ይለዋውጣል። ትንሹ ላይ ሲገጠም ሰውየውን ብቻ ጠጋ አድርጎ ያመጣል፤ ትልቁ ላይ ሲገጠም ከሰውየው ጋር ቤቱንም ይዞ ይመጣል። ረጅሙ ዙም ደግሞ ትልቁ ላይ ሩቅ ያያል፤ ትንሹ ላይ ግን ከዚያም የራቀውን ያቀርባል።

ሌንሶቹን ለየን እንጂ ካሜራዎቹን ተነጋግረን አልተካፈልንም። ማንም ሳይወስን ትልቁ የእሱ፣ ትንሹ የእኔ ሆነ። የሙስሊም ሠርግ ሲሆን ሙሽራዋ ካለችበት የሴቶች ክፍል የምገባው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ብለው ከቡኢ ድረስ የሚፈልጉኝ ቤተሰቦች አሉ። እሱ ከወንዶቹ ጋር ድንኳንና ደጅ ላይ ይሠራል። ደጅ ደግሞ ብርሃን ሞልቷል። ጨለማውና ጥበቱ ያለው እኔ ጋ ነው። ትንሹ ካሜራ ሲጨልምበት ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ብዙ ጊዜ "ዛሬ እንኳ ትልቁን ስጠኝ" ብዬዋለሁ።

"ደንበኛ ካሜራችንን የሚያየው ደጅ ነው" ይለኛል። ይህም ውሸት አልነበረም።

እንዲህ እየተነታረክን ሳለን፣ ዝናቡ ባቆመበት ሰሞን፣ መስቃን ወረዳ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ያለ መንደር ለሠርግ ተጠራን። ቤቱ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። የሙሽራዋ እናት ተቀብለውን ሰላምታ እንደጨረሱ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ አባቷ ታመው ተኝተዋል" አሉኝ። "ድንኳኑ ጋ መውጣት አይችሉም። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት እሳቸው ጋ ገብታ ዱአ ታስደርጋለች። ከሁሉም ከሁሉም እሱን አንሺልኝ።"

አባትየው ያሉበት ክፍል ከአልጋው ሌላ ብዙም አይይዝም። ከአልጋው አጠገብ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ካሜራዬን ሲያዩ በክርናቸው ለመነሳት ሞከሩ።

"የተኛሁ አታድርጊኝ" አሉኝ። "የተቀመጥኩ አድርጊኝ።"

ወንዶች ልጆቻቸው መጥተው ትራስ ደራርበው መስኮቷ አጠገብ አስቀመጧቸው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ በሃምሳው ሞከርኩ። እሳቸው ሲገቡ ልጅቱ የምትቀመጥበት ቦታ ከፎቶው ውጭ ይቀራል። ሰፋ አድርጎ የሚያየውን ሌንስ ገጠምኩ። አሁን ቦታው በቃ፤ ነገር ግን ያ ሌንስ ብርሃን የሚያስገባው በስስት ነው፤ ፊታቸው ጠቁሮና ሻክሮ ወጣ። ፍላሽ ሳበራ ፊታቸውን አዞሩ።

"እሱስ ዓይኔን ያመኛል፣ ልጄ።"

ሮጬ ወጣሁ። ወንድሜ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ትልቁ ላይ ረጅሙን ዙም ገጥሞ፣ ጉብታው ላይ ብቅ ብቅ በሚሉት የሙሽራው መኪኖች ላይ ያነጣጥራል። ተበሳጭቷል።

"አይደርስልኝም" አለኝ። "ጉንዳን መስለው ነው የሚወጡት።"

"ትልቁን ስጠኝ።"

"አሁን? ሙሽራው እየመጣ እኮ ነው!"

"አባትየው ተነስተው ተቀምጠዋል። ብዙ መቀመጥ የሚችሉ አይመስለኝም።"

አየኝ። ዙሙን ፈታና ካሜራውን ዘረጋልኝ፤ እኔም ትንሹን ሰጠሁት። "ሃምሳውን ግጠሚበት፣ ቤቱ ይገባልሻል" አለኝ፤ እያለኝም እኔ መንገድ ጀምሬ ነበር።

እዚያው ግድግዳ ላይ ተመልሼ ተለጠፍኩ። ያው ሌንስ ነው፤ አሁን ግን አልጋው፣ መስኮቷ፣ ልጅቱ የምትንበረከክበት ሁሉ ገባ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ገባችና አልጋው ሥር ተንበረከከች። አባትየው እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ። መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥሎ በጉራጌኛ መረቋት። የእኛ የወልቂጤዎቹ ጉራጌኛና የእነሱ ስለሚለያይ ሁሉንም አልሰማሁም። እናትየው በር ላይ ሆነው "አሚን" ሲሉ ግን እኔም ካሜራውን ከዓይኔ ሳላነሳ አሚን እላለሁ። የመስኮቷ ብርሃን በእጃቸው አልፎ የልጅቱ ጉንጭ ላይ ይወርድ ነበር። ፍላሽ አላስፈለገም።

ሲጨርሱ ስክሪኑን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ጥሩ አድርገሽ አስቀመጥሽኝ" አሉ። ሙሽራዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ወንዶች ልጆቹ አባትየውን መልሰው ሊያስተኟቸው ፈለጉ። እምቢ አሉ። "በመስኮት ልያት" አሉ። እኔ ከውስጥ የማገኘው ጀርባቸውን ብቻ ስለሆነ ሙሽራዋን ተከትዬ ወጣሁ። ግቢው በሴቶች እልልታና በሚዜዎች ጭፈራ ተጨናንቋል፤ ወንድሜን በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።

ምን ሲያነሳ እንደነበር ያየሁት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ትንሹን ካሜራ ሰጠኝና "እስኪ ይቺን እያት" አለኝ። ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ጥግ ሄዶ፣ ከሰዉ ራስ በላይ፣ በረጅሙ ዙም መስኮቷን አግኝቷታል። አባትየው አንገታቸውን አውጥተው እጃቸውን አንስተዋል። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ማንም። መኪኖቹን ፎቶ ላነሳ ስዞር አየኋቸው። በትልቁ ቢሆን እንዲህ ቀርበው አይመጡም ነበር።"

እናትየው አልበሙን ሊወስዱ ሲመጡ ሁለቱንም ፎቶዎች አስፍተን እንድናትምላቸው ጠየቁ። ከአልጋው ትይዩ ሰቅለውላቸዋል። አባትየው አሁንም ከአልጋ ባይወርዱም፣ ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ግድግዳውን ዞሮ ካላየ ወሬ አይጀምሩም አሉን እናትየው።

አሁን ለሠርግ ስንጠራ ስለ ሙሽሮቹ ልብስ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ቤቱ እንጠይቃለን። ጓዳው ስንት ሰው ይይዛል? መስኮት አለው? ግቢው ምን ያህል ይሰፋል? ወንድሜ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ትልቁን ራሱ ወደ እኔ ይገፋዋል፤ አንዳንዴም "ዛሬ ደጁ ይበልጣል" ብዬ እመልስለታለሁ።

ባለፈው ሰሞን ደጋው ላይ አረቅጥ ለሠርግ ሄደን ጉም ወረደብን። ከአጥሩ ማዶ ያለ ዛፍ እንኳ አይታይም። ወንድሜ ያን ረጅም ሌንስ ታቅፎ ሲንከራተት ቆየና "ምኑን ላቅርበው?" ብሎ ወደ ሻንጣው መለሰው። ባለሠርጎቹ አዘኑልንና እሳት ዳር አስቀምጠው ክትፎ በቆጮ አቀረቡልን። ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ካሜራዎቹን አጠገባችን አድርገን ስንበላ ቆየን።