ፍም ሊጭር የመጣ ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ ዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ እሳት ሲጠፋብን ገል ይዤ ጎረቤት የምላከው እኔ ነበርኩ። ብዙውን ጊዜ የምሄደው ወደ አባቴ አጎት፣ ወደ አባባ ጂግሶ ቤት ነው። ያኔ ክብሪት በየቤቱ አይገኝም ነበርና ፍም መጫር የዕለት ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ፍሙን ሰበብ አድርጌ የምሄደው ለተረት ስለሆነ፣ እናቴ በእንሰቱ መካከል ስሜን እየጠራች እስክትቆጣ ድረስ ከምድጃው አጠገብ አልነሳም። ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይጨሳል፣ ዓይኔ በእርጥብ እንጨት ጭስ ያለቅሳል፣ አባባ ጂግሶ ረመጡን በዱላቸው ጫፍ እየቆሰቆሱ ያወራሉ።

ከሁሉ የሚደጋግሙት እሳት ጠፍቶበት ስለማያውቅ አንድ ሰው ነበር። ማታ ፍሙን አመድ ያለብሳል፣ ጠዋት ገልጦ ያነዳል፤ «የማንንም ደጅ አልረግጥም» እያለ ይኮራል። ወደ ጎረቤቶቹ የሚወስደው መንገድ ሣር በቀለበት። አንድ ቀን ታመመና ተኛ። ምድጃው ውስጥ ትልቅ ግንድ ስለነበር ጭሱ ከጣሪያው መውጣቱን አላቆመም፤ ጎረቤቶቹም «ጭስ አለ፣ ደህና ነው» እያሉ አለፉ። ሰውየው ሲሞት እሳቱ ገና አልጠፋም ነበር።

«እሳቱ ለምን አልነገራቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ምሽት።

«እሳት ምን አፍ አለው ልጄ!» አሉ እየሳቁ። «አፍ ያለው ሊጭር የመጣ ሰው ነው። እናትሽ አንቺን ስትልክ፣ ‹ጂግሶ አለ ወይ?› ማለቷ ነው።»

ተረቱን ወደድኩት እንጂ አልሰማሁትም።

አድጌ፣ ዲላ ተምሬ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ወደዚያው ቀበሌ ስመለስ አባባ ጂግሶ ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው በጭቃው እየተንሸራተቱ ጎረቤታቸው የምህረት እናት ዘንድ ፍም ሊጭሩ ሲመላለሱ አየሁ። በመጀመሪያ ደሞዜ ላይተር ገዛሁላቸው። ግንባሬን ስመው መረቁኝ።

በክረምት፣ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤቱ በከተተበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ ጸሎት ቤት ሳይመጡ ቀሩ። በሩን ገፍተን ስንገባ መደባቸው ላይ ተኮራምተው አገኘናቸው። የሳንባ ምች ነበር፤ ከሐሙስ ጀምሮ ጥሏቸዋል። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ አስፋልቱ አወረድናቸው፣ ከዚያም በመኪና ዲላ። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው» አለኝ። በማግስቱ አረፉ።

ከቀብር ስንመለስ የምህረት እናት እጄን ይዛ አለቀሰች። «እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ? ሊጭሩ ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ላይተሩ እየሠራላቸው ነው ብዬ ነው» አለችኝ። ልትወቅሰኝ ፈልጋ አልነበረም። የባሰ ያመመኝም እሱ ነው።

ዛሬ ደክሞኛል። መዝገብ ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ «እንዴት ናችሁ?» እላለሁ፣ «ደህና ነን» ይሉኛል፣ እጽፋለሁ። መዝገብ ለያዘ ሰው ማን ገመናውን ይነግራል? በትምህርት ካገኘሁት ሁሉ ይልቅ አሁን የሚመላለስብኝ ያ የጭስ ተረት ነው፤ ያኔ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ላይተሩን ሳይሆን ራሴን በየማታው በላክሁላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የምህረት እናት ጠዋት «ሁላችንም ደህና ነን» ብላ ከደጅ አሰናበተችኝ። አመሻሹ ላይ መዝገቡን ቤት አስቀምጬ፣ ከጓሮ ገል አንስቼ ተመለስኩባት።

«አንቺ ደግሞ! ላይተር የለሽም እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«የለኝም» አልኳት። የአባባ ጂግሶ ላይተር ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችኝና ደህና ፍም ልትመርጥልኝ ጎንበስ አለች። ገሌን ይዤ ስጠብቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ትንሿ ምህረት ስታስል ሰማኋት።