የዩራኒየሙ ውል ጀርባ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሳትሰማው ዐረፈች። ልጆቼ የሚያውቁት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ላሊበላ ውስጥ ስሜ ሲነሣ «የእትዬ ጥሩወርቅን ቤት ያስመለሰው ሞላ እኮ ነው» ይባላል። ሰርግ ላይ ይባላል፤ ለቅሶ ላይ ይባላል፤ እኔው ፊት ይባላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አይደለም። ቤታቸውን ያስወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። እኔ፣ በዚህ እጄ፣ አንዲት ቅጠል ወረቀት ገልብጬ፣ አይቼ፣ መልሼ።

የምታነቡኝ ሁሉ እንደ ንስሐ አባት ሆናችሁ ስሙኝ። አቅልሉልኝ አልልም። እስከ መጨረሻው ግን ስሙኝ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ የኔ ኀፍረት ብቻ አይደለም፤ የአንዲት ሴት ድልም ነው።

ወጣት ሳለሁ አስጎብኚ ነበርኩ። ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የውጭ ኩባንያ ዩራኒየም ፍለጋ ወደ ላስታ መጣና አስተርጓሚው ሆንኩ። ሰዎቹ በኩልመስክ በኩል ባሉት ተራሮች ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ጠቅ ጠቅ እያለች በምትጮህ ትንሽ መሣሪያ መሬቱን ሲዳስሱ ይውላሉ። ዩራኒየም ምን እንደሆነ ለገበሬው ማስረዳት የኔ ሥራ ነበር። እኔም አላውቀውም። «ከወርቅ የሚበልጥ ድንጋይ ነው» እያልኩ አልፍ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። ኩባንያው ለሠራተኞቹ ማረፊያ ሲፈልግ ወደ እሳቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከአባታቸው በወረሱት ቦታ ላይ ስድስት የድንጋይ ክፍል አሠሩ። ለዚያ ሲሉ በቅሎዎቻቸውን ሸጡ፤ ባሕር ዛፋቸውን አስቆረጡ። ኩባንያው ቆርቆሮውን፣ የብረት በሩን፣ አልጋውን አስገባ። በኪራይ ፈንታም ከማዕድኑ ሥራ ላይ አክሲዮን ተሰጣቸው። በኛ አገር ከእሳቸው በፊት አክሲዮን የሚባል ነገር የያዘ ሰው መኖሩን እንጃ።

ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አውራ ጣታቸውን ከማተማቸው በፊት ወደ እኔ ዞር ብለው «ሞልዬ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ጥለውኝ ቢሄዱስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለኩባንያው ኢንጂነር ነገርኩት። «ቢሄዱ ቤቱ ከነዕቃው የእሳቸው ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል» አለ። ተረጎምኩላቸው። አተሙ። እኔ ግን ያን ቀን ውሉን ራሴ አላነበብኩትም።

ከዚያ አዲስ አበባ ተናወጠች። ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ቀጥሎም ትልልቅ ድርጅቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ማዕድንም የመንግሥት ነው ተባለ። ለኢንጂነሩ ከዋናው መሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ይመጣለታል፤ እያነበበ ይነግረኛል። መጀመሪያ የመጣው «ጠብቁ» ይላል። ሁለተኛው «ሠራተኛ ቀንሱ» ይላል። የመጨረሻው «ውጡ» ይላል። «ባለ አክሲዮኖቹ ፈርተዋል» አለኝ ሻንጣውን እያሰረ። ገረመኝ። ስለ ላስታ ድንጋይ የሚወስነው ድንጋዩ ሳይሆን የሬዲዮው ዜና ነበር። በባሕር ማዶ ያሉት ባለ አክሲዮኖች ገንዘባቸውን ይዘው ሌላ አገር ይሄዳሉ። የእትዬ ጥሩወርቅ ገንዘብ ግን ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ወዴት ይሄዳል?

ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ጥያቄው መጣ። ስድስቱ ክፍሎች የማን ናቸው? የኩባንያው ከሆኑ ይወረሳሉ። የእሳቸው ከሆኑ የንግድ ቤታቸው ናቸውና አይነኩም። የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። «የባዕድ አሽከር ነበርክ ይባላል» አለኝ። «ነገ ውሉን ለሕዝብ ታነባለህ። ከማን ወገን እንደሆንክ ያን ጊዜ እናያለን።» እንግሊዝኛ የሚያነብ ሌላም ሰው ነበር፤ ግን የኩባንያውን ወረቀት መንካት ሁሉም ፈራ።

ስብሰባው ረፋድ ላይ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ውሉ ሁለት ቅጠል ነው። የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ ተረጎምኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ፤ ተረጎምኩ። ጨረስኩ ብዬ ስገለብጠው ጀርባው ላይ አንዲት አጭር አንቀጽ አገኘሁ። ሥራው በመንግሥት ውሳኔ ቢቋረጥ አክሲዮኑ ይሰረዛል፤ ስድስቱ ክፍሎች ግን በውስጣቸው ካለው ዕቃ ጋር ለባለቦታዋ ይቀራሉ ትላለች።

አየኋት። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ቅጠሉን መለስኩት።

«ሌላስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሌላ የለም» አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። «ሞልዬ፣ ቢሄዱ ቤቱ የኔ ነው የተባለውስ? አንተ አይደለህ እንዴ በአፍህ የነገርከኝ?»

«በቃል ብለው ይሆናል፣ እትዬ» አልኳቸው። «ወረቀቱ ላይ የለም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ለምን አደረግሁት? ፈርቼ? አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እኔ ለኩባንያው የድንጋይ ከረጢት ስሸከም እሳቸው ባለ አክሲዮን ይባሉ ነበር። እኔ ያመጣሁት ሰው፣ እኔ የተረጎምኩት ቃል እሳቸውን ባለጸጋ ሊያደርግ ነበር። ያን ዕለት ዕድላቸው እጄ ውስጥ ገባ፤ እኔም ደስ አለኝ። ይህን ቃል መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ደስ አለኝ።

ክፍሎቹ ታሸጉ። ምግብ ቤቱም ግቢው አንድ ነው ተብሎ አብሮ ተዘጋ። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ሆንኩና ጠረጴዛዬ ከስድስቱ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ተቀመጠ። እትዬ ጥሩወርቅ ዘመድ ቤት ተጠጉ። ልጃቸው ሙሉ ወልድያ ትማር ነበር፤ ቀለብ የሚልክላት ስላጣች ትምህርቷን ትታ መጣች፤ ከእናቷ ጋር ጠላ መሸጥ ያዘች። በመስኮቴ ስታልፍ አያታለሁ። በእናቷ መስኮት። አያታለሁ፣ አጎነብሳለሁ፣ እጽፋለሁ።

ወራት አለፉ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከከተማ ጠፉ። ለካ ደሴ ሄደዋል። ኩባንያው ከውሉ አንድ ቅጂ ለክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት አስገብቶ ኖሮ፣ እሳቸው በር በበር እየጠየቁ ደረሱበት። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አግኝታ አነበበችላቸው፤ ጀርባውንም ገልብጣ አነበበችላቸው። ወረቀቱን ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው።

«እንግዲያው አስጠኚኝ» አሏት።

«ምኑን፣ እማማ?»

«እንግሊዝኛውን። እንዳለ።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች አሉ። በኋላ ግን የምሳ ሰዓቷን ሰጠቻቸው። ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ ጥሩወርቅ በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው፣ ትርጉሙን በማያውቁት ቋንቋ፣ ያችን አንቀጽ ቃል በቃል እንደ ዳዊት አጠኗት። ሲመለሱም በጭነት መኪናው ላይ፣ ከዚያም በበቅሎ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነው የመጡት። አብረዋቸው የተጓዙ ሰዎች ጸሎት መስሏቸው ነበር።

የአውራጃው ተወካይ አቤቱታ ሊሰማ የመጣ ቀን ያው ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። ቀሳውስቱ አሉ፤ ገበሬው አለ፤ መስቀልና ስዕል ሻጮቹ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ስማቸው ሲጠራ ወደ ፊት ወጡ። ነጭ ለብሰዋል።

«ጌታዬ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ ለተወካዩ። «ያልተነበበልኝን ግን አውቃለሁ። ውሉ ይምጣልኝ።»

ውሉን ከመዝገቡ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይዤው ቆምኩ።

«ገና አትግለጠው» አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ፣ በጠራ የላስታ አንደበት፣ እንግሊዝኛ ተናገሩ። «ዘ ሲክስ ሩምስ ሻል ሪሜን...» ብለው ሲጀምሩ ሕዝቡ ሳቀ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ሲደርሱ ግን ሜዳው ጸጥ አለ። ሊቀመንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«በኢምፔሪያሊስት ቋንቋ ስብሰባ አይካሄድም!»

«ቤቴን የወሰዳችሁብኝ በዚሁ ቋንቋ አይደል እንዴ?» አሉት። «ለመውሰድ የጠቀመ ለመመለስም ይጥቀማ!»

ሜዳው ተናጋ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ ሳቁ። ተወካዩ ራሱ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። «ይቀጥሉ፣ እናቴ» አለ። ቀጠሉ። አንዲት ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ወረዱት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አሁን ሁለተኛውን ቅጠል ገልብጠው፣ ሞላ። ያልኩት እዚያ ካለ ተርጉመው። ከሌለ በነአኩቶ ለአብ፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም!»

ገለበጥኩት። ሊቀመንበሩ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ምን ላድርግ? እንደገና የለም ብል፣ ደሴ ሌላ ቅጂ እንዳለ ገብቶኛል። ከሊቀመንበሩ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ። ተረጎምኩ። «ለባለቦታዋ ይቀራሉ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ እልልታው ተነሣ። ከሴቶቹ ተነሣ፤ መንገዱን ተሻገረ፤ ገበያው ተቀበለው። አንድ አረጋዊ ቄስ መቋሚያቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ተመስገን!» ሲሉ ሰማሁ። ሙሉ እናቷን አቅፋ ከመሬት አነሣቻቸው። ተወካዩ የንግድ ቤታቸው መሆኑ ተረጋግጧልና ክፍሎቹ በዛሬው ዕለት ይመለሱ ብሎ ወሰነ።

«ያን ጊዜ ለምን አልተነበበም?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

«ጀርባው ላይ ስለነበር አላየሁትም» አልኩ።

ሁሉም አመነኝ። እንዲያውም ሊቀመንበሩ እያፈጠጠበት እውነቱን ተረጎመ ብለው አጨበጨቡልኝ። ጠረጴዛዬን ተሸክሜ ከክፍላቸው ስወጣ ጎረምሶች ትከሻዬን እየመቱ አሞገሱኝ። ጀግንነቴ የተጀመረው እንዲህ ነው።

በማግስቱ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሰው ጠሩኝ። እጄን ያስታጠቡኝ ራሳቸው ናቸው። ማንም በማይሰማበት ዝቅ ብለው «ሞልዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ያን ቀን አላየኸውም?» አሉኝ።

«አላየሁትም፣ እትዬ።»

«ጥሩ። አይቼዋለሁ ብትለኝ በዚህ ቤት እህል ባልቀመስክ ነበር» አሉና መሶቡን ወደ እኔ ሳቡት።

በላሁ።

የመጀመሪያውን ጥፋቴን ፍርሃት ነው፣ ቅናት ነው ልበል። ይህኛውን ምን ልበለው? በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ከፍተውልኝ ነበር። እኔ ግን በላሁ። ከዚያም ለዓመታት እንግዳ ወደ እሳቸው ቤት እየመራሁ ልጆቼን ከዚያው ቤት በሚገኝ እንጀራ አሳደግኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ስድስቱን ክፍል አስር አደረጉ። ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላም ያችን አንቀጽ አልረሷትም፤ ደስ ሲላቸው ለእንግዳ በቃላቸው ይወጡለት ነበር፤ ፈረንጆቹ ግራ ይገባቸዋል፤ እሳቸው ይስቃሉ። ዩራኒየሙን የቆፈረ የለም፤ ይኑር አይኑርም ማንም አላረጋገጠም። ከኩባንያው ባለ አክሲዮኖች ሁሉ መካከል ከላስታ ድንጋይ ያተረፉት እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል። ቤታቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ በሰላም ዐረፉ።

ባለፈው ሰሞን ሙሉ ዘንድ ሄድኩ። ቤቱን አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መገልበጤን፣ ማየቴን፣ መመለሴን፣ መብላቴን። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች፤ ሳቀች።

«እናቴ ያን ቀን ያሸነፈችው ሊቀመንበሩን ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለካ እርስዎንም ነው፣ ጋሼ!»

ቀጥሎ ሳቋ ቆመ። «እኔ በዚያ ዓመት ደብተሬን አጥፌ እንደወጣሁ ዳግም ክፍል አልገባሁም። ስለዚህ ይቅር ማለቱ ዛሬ አይሆንልኝም። የእናቴን ድል ግን እኩሌታውን ሲበሉ ኖረዋል። እሱን ይመልሱልን። ሰው ሁሉ እያወቀው ይመልሱልን።»

ይኸው ለዚህ ነው የምጽፈው። የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ያጠኑት እሳቸው ናቸው፤ ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። እኔ በዚያ ሜዳ ላይ የተሸነፍኩት ሰው ነኝ፤ በመሸነፌም ዛሬ ደስ ይለኛል። ይቅርታውን ሙሉ በጊዜዋ ትስጠኝ ወይም ትከልክለኝ፤ አላጣድፋትም። እናንተ ግን ዘመኑ ክፉ ነበር ብላችሁ ምክንያት አትፈልጉልኝ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሜዳ፣ ከኔ የበለጠ የሚያጡት የነበራቸው ሴት ቆመው ተናግረዋል።